ኮፈኗን ከፍታ ዳገት የምትወጣ ሴይቼንቶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ በመኪናዋ ይዛኝ ወጣች። መጀመሪያ መድኃኒት ቤት፣ ቀጥሎ ሬይኒየር መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ፣ ከዚያ ሬንተን ወደ ቤቴ። መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷ የልደት ቀኔን ስትጠይቀኝ ገና አፌን ሳልከፍት ሊያ መለሰችላት። ኪኒኑ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ ልጠይቅ ስል ሊያ ጠየቀችልኝ። እኔ እዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁ፣ ከስንት አለቃ ጋር በእንግሊዝኛ የተጨቃጨቅሁ ሴትዮ ነኝ። ፀጉር ሲሸብት ምላስም አብሮ የሚያረጅ ይመስላቸዋል መሰለኝ። ተናደድኩ፣ ግን መድኃኒቴን ተቀብዬ ወጣሁ። እሷ ክፋት የላትም፣ እኔም በሷ ዕድሜ ከሷ የባስኩ ነበርኩ።

ከሐበሻው ሱቅ ሽሮ፣ ኮረሪማና አንድ የእንጨት ማማሰያ ገዛሁ። የድሮው ማማሰያዬ ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ በማውንት ቤከር ሰፈር በኩል ዳገቱን ስንወጣ ሊያ ድንገት ጮኸች።

«ማም፣ ሉክ! ሶ ኪዩት!»

ቀና ስል መንገዱ ዳር አንዲት ክሬም ቀለም ያላት ትንሽ መኪና ቆማለች። ከኋላዋ እንፋሎት ይወጣል። አጠገቧ አንድ ፂሙን ያሳደገ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይንቆራጠጣል። ሴይቼንቶ ናት። ሲያትል ውስጥ አንድ ሺህ ዓይነት መኪና አይቻለሁ፣ ሴይቼንቶ ግን በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህቺ ሁለተኛዬ ናት።

«ሊያ፣ ፓርክ አድርጊ» አልኳት።

«ዋይ?»

«ፓርክ አድርጊ አልኩሽ እኮ!»

ቦታ ፈልጋ እስክታቆም ሁለት ጊዜ መዞር ነበረባት። እሷ ስትዞር እኔ በሐሳቤ ወደ መጀመሪያዋ ሴይቼንቶ ሄድኩ።

ለማያውቃት ልንገር። ሴይቼንቶ ጣሊያን ሠራሽ ትንሽ መኪና ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። የድሮዎቹ በሮቻቸውም የሚከፈቱት በተቃራኒ ነው፤ ያልለመደ ሰው ሲገባ ጉልበቱን ያጋጫል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ሰውን ስታመላልስ የኖረች ታክሲ እሷ ናት። አባዬ ሃያ አንድ ዓመት እሷኑ ነድቷል። ዕድሜ ሲጫናት ዳገት ላይ ትግላለች፤ ነጂዎቹ ግን መላ ነበራቸው። የኋላ ኮፈኗን ከፈት ያደርጉና በቁራጭ እንጨት ያስደግፉታል፣ ነፋስ እየገባላት ትወጣለች። እኔ ልጅ ሆኜ ኮፈኑን ዘግቶ ዳገት የሚወጣ ሰው ካየሁ «ይሄ ጀማሪ ነው» ብዬ እስቅበት ነበር።

እኔ ወደ ሲያትል የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአክስቴ ጋር በሱዳን በኩል ነው። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። ዜግነት እስካገኝና አባዬን እስካስመጣ ድረስ ስምንት ዓመት ተለያይተን ኖርን። ኤርፖርት ስቀበለው እኔ ሃያ ሦስት ሞልቶኛል፣ ኮሌጅ እማራለሁ፣ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና አለኝ፣ እንግሊዝኛው ከአፌ እንደ ውሃ ይወርዳል። አባዬ ደግሞ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ቡኒ ሱፉን ለብሷል፣ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ሃያ ቃል ቢሞላ ነው።

እንግዲህ አፉ ሆንኩለት። ሐኪም ቤት እኔ፣ ባንክ እኔ፣ ገበያ እኔ። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ ስምንት ዓመት የናፈቀኝ አባቴ ነዋ። እየቆየ ግን መሰላቸት ጀመርኩ። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው ሳልተረጉምለት ራሴ እመልሳለሁ። «ምን አለኝ?» ሲለኝ «ምንም አይደለም» እለዋለሁ። ምንም ያልሆነ ነገር ግን አልነበረም፣ ስለ እሱ ነበር የሚወራው። ይህን ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ቀን ቀን ሱፉን ለብሶ አፓርታማው መስኮት ላይ ይቀመጥና መኪና ይቆጥራል። ማታ ስገባ «ዛሬ መንገዱ ጭር ያለ ነበር» ይለኛል፣ ልክ ሲሠራ እንደዋለ ሰው።

ከዚያ የሥራ ወሬ መጣ። መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሚያስተዳድሩ ጋሽ ተካ የሚባሉ ያገራችን ሰው ነበሩ። የሰው መኪና ተቀብሎ ፎቅ ላይ የሚያቆም ሠራተኛ ይፈልጋሉ። አባዬን አነጋገሩትና ወደዱት። «መንጃ ፈቃድ ይዘው ይምጡ እንጂ ሥራው የርስዎ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልዎታለሁ» አሉት። አባዬ የዚያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ። ሱፉን አውልቆ ሰቀለው፣ ሊሠራበት ነው።

የጽሑፉን ፈተና እኔ እያነበብኩለት ሸምድዶ አለፈ። ዳገት ላይ ስታቆም ጎማውን ወደየት ታዞራለህ የሚለውን እንቅልፉ ውስጥ ቢጠይቁት ይመልሳል። የመንገዱ ፈተና ላይ ነው ጉድ የፈላው። የኔ መኪና አውቶማቲክ ነች፤ ፍሪሲዮን የላትም። የአባዬ ግራ እግር ግን ሃያ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን ሲረግጥ ኖሯል። መኪናዋ ስትንቀራፈፍ እግሩ ሳያማክረው ተነስቶ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄዳል፣ የሚያገኘው ግን ያንን ሰፊ ፍሬን ነው። ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጠዋል። የመጀመሪያው ቀን የፈታኟ መነጽር ከአፍንጫዋ ወርዶ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ። አለቀ፣ ወደቀ።

ሁለተኛው ላይ አባዬ ዘዴ አመጣ። ግራ ጫማውን አውልቆ ከመቀመጫው ሥር አስቀመጠ። እግሬ ባዶ መሆኑን ሲያውቅ ይሰንፋል ብሎ ነው። ፈታኟ አንድ እግሩ በካልሲ መሆኑን አይታ አንድ ነገር ጻፈች። ዞረው ወደ ጊቢው ሊገቡ ምንም ሳይቀራቸው አንድ ውሻ መንገድ ውስጥ ገባ፣ ባለካልሲው እግርም እንደ ልማዱ ዘለለ። ደግሞ ወደቀ።

እኔ የዚያን ቀን ከክፍል ቀርቼ ነበር የወሰድኩት፤ ፈተናም አምልጦኛል። መኪና ማቆሚያው ላይ ሌላ የሐበሻ ቤተሰብ ተራውን ሲጠብቅ፣ እነሱ እየሰሙ፣ አፌን ከፈትኩ።

«ሃያ አንድ ዓመት መኪና ነው ስትነዳ የኖርከው ወይስ ጋሪ?»

አባዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግራ ጫማውን አጠለቀና ክሩን ቀስ ብሎ አሰረ። ያ ክር ታስሮ እስኪያልቅ የቆየው ጊዜ ዛሬም አላለቀልኝም። ቤት ስንገባ ሱፉን ከተሰቀለበት አውርዶ ለበሰና ወደ መስኮቱ ሄደ። «ልጄ፣ ይቅርብኝ። ጋሽ ተካን ሌላ ሰው ይፈልጉ በያቸው» አለኝ። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ አልነገርኳቸውም። ይቅርታም አላልኩም፣ ኩራቴ ገና ትኩስ ነበር።

ያኔ በትርፍ ጊዜዬ ቤት ለቤት አረጋውያንን እየረዳሁ ነበር ኪሴን የምደጉመው። ማውንት ቤከር አካባቢ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ነበሩኝ። ያ ሰፈር ድሮ የጣሊያኖች ነበር፤ እሳቸው ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሄጄ ቤት አጸዳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ፣ ጓሮ ወጥተን ቲማቲማቸውን ውሃ እናጠጣለን። ነሐሴ ነበር። የሲያትል ነሐሴ ዝናብ የሚባል አያውቅም፣ ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ የአጥሩ ጥቁር እንጆሪ በስሎ እጅ ያቀልማል፣ ሬይኒየር ተራራ ከነበረዶው ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። አባዬ ቤት ውስጥ እንዳይታፈን ብዬ አንድ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩና ጓሮ ወንበር ሰጠሁት።

የአሮጊቷ ጋራዥ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አባዬ ግን ከሸራው ሥር ብቅ ያለውን ቸርኬ አየ። ጎማ የሚታሰርበት ብረት፣ እሱን ብቻ ነው ያየው። ተነስቶ ሄደና ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳበሰው።

«ሴይቼንቶ ናት» አለኝ። ድምፁ ልክ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነበር።

እኔ ሰው ቤት ነው፣ አትንካ እያልኩ ስቆጣ አሮጊቷ በምርኩዛቸው ደረሱ። ልተረጉም አፌን ከመክፈቴ በፊት አባዬ ኮፍያውን አውልቆ «ሲኞራ» አላቸው፤ በጣሊያንኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ከዚያ ወደ መኪናዋ እያመለከተ ጀመረ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ። ያገራችን መካኒክ ሁሉ ሥራውን የሚጠራበት ቃል ከጣሊያን የመጣ መሆኑን እኔ አስቤውም አላውቅ። ሲኞራ ዓይናቸው ፈጠጠ። ጣሊያንኛውን ያወርዱት ጀመር፤ እሱ ግማሹን አይሰማም፣ ግን አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሞተሯን ያሳያቸዋል፣ በእጁ ያስረዳል። እኔ በሁለቱ መሀል የሚተረጎም አጥቼ እንደ ሞኝ ቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። መኪናዋን ባላቸው ናቸው ከጣሊያን በመርከብ ያስመጧት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሞተሯ ተነስቶ አያውቅም፣ እሳቸው ግን ታርጋዋንና ኢንሹራንሷን በየዓመቱ ያሳድሳሉ። ልጃቸው ይቀልድባቸዋል። አባዬ ላስነሳት አለ። እሳቸው ድምጿን አሰማኝ እንጂ የፈለግከውን አድርግባት አሉ። የፈለገውን እኔ ገባኝ፣ እሱ አልጠየቀም። በዚህች መኪና ቢፈተንስ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ያም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጧት እየሄደ ሲሠራ ዋለ። የበሰበሰውን ቤንዚን ቀድቶ አወጣ፣ ፍሬኑን ፈትቶ አደሰ፣ ባትሪ ቀየረ። ለሷ የሚሆን መለዋወጫ ሲያትል ውስጥ ከየት ይገኛል? ሁለት ቦታ ደወልኩ፣ አንደኛው የመኪናዋን ስም ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፣ ሁለተኛው ሳቀ። አባዬ ግን አልተጨነቀም። ጋስኬቱን ከአሮጌ የቆዳ ቦርሳ በመቀስ ቆረጠው። የሲኞራን መጥረጊያ እጀታ አስፈቅዶ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቆርጦ አለሰለሰና የኋላ መቀመጫው ላይ አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅኩ።

ምሳ ሲኞራ ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ከጓሮ በተለቀመ ቲማቲምና ቅጠሏ በሶብላ በሶብላ በምትሸት ተክል ፓስታ ይሠራሉ። አባዬ ፓስታውን ከዳቦ ጋር ሲበላ ይቆጡታል። አንድ ቀን ከኪሱ በወረቀት የጠቀለላትን ሚጥሚጣ አውጥቶ ነሰነሰበት። ቅመሱ አላቸው፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በማግስቱ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ራሳቸው ጠየቁት።

ሞተሯ የተነሳች ዕለት እኔ ወጥ ቤት ዕቃ አጥባለሁ። መጀመሪያ አስነጠሳት፣ ከዚያ ተንተባተበች፣ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። ሮጬ ስወጣ ሲኞራ ጋራዡ በር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። አባዬ ከውስጥ አልወጣም። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ አርፏል፣ እጁ ማርሹ ላይ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀን የተመቸው ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ፈተናው የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ነበር። ሥራው የሚጠብቀው እስከ አርብ ነው። ከሲኞራ ቤት ሬንተን እስካለው መፈተኛ ቦታ በጊዜያዊ ፈቃዱ እሱ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ ሄድን። ኮፈኗ በመጥረጊያው ቁራጭ ተደግፎ ክፍት ነው። የሲያትል ሰው ደግሞ ደግ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ክላክስ ያደርግልናል፣ መስኮት አውርዶ ዕቃችሁ ሊወድቅ ነው፣ ትራንካችሁ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛችሁ፣ ክፍት ነው ይለናል። አባዬ ለሁሉም ባርኔጣውን ብድግ እያደረገ አለፋቸው።

ፈታኛችን በዚያን ቀን ሌላ ነበር። ቁመቱ በር የሚያህል ሰውዬ። መኪናዋን ሲያይ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ መኪናዋን አየ። በሩ በተቃራኒ ሲከፈት ጉልበቱን አጋጨ፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። እኔ አባቴ እንግሊዝኛ ስለማይችል ከኋላ ልቀመጥ ብዬ ለመንኩት። እሺ አለ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፤ መንገድ ከጀመርን በኋላ ትንፍሽ ካልሽ ፈተናው እዚያው ያበቃል አለኝ። ከመነሳታችን በፊት ደግሞ የኋላው ክፍት ነው፣ ይዘጋ አለ። ሞተር ነው፣ ዳገት ላይ ትግላለች ብዬ ላስረዳ ስሞክር እጁን አነሳ። ለአባዬ ነገርኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ወርዶ እንጨቷን አንስቶ ለኔ ሰጠኝና ኮፈኑን ዘጋ።

ሲነዳ ብታዩት። እኔ ከኋላ ሆኜ እግሮቹን ብቻ ነበር የማየው። ግራው ይረግጣል፣ ቀኙ ይለቃል፣ ምንም ዓይነት መንገጫገጭ የለም። ስፖኪዮ ያያል፣ ፍሬቻ ያበራል። የሸመደዳቸው አራት የእንግሊዝኛ ትእዛዞች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም፣ ፓርክ አድርግ፣ በቂ ሆኑለት። ፈታኙ ብዕሩን ማንቀሳቀስ እየተወ መጣ። እኔም እንጨቷን ጭኔ ላይ ይዤ ደህና መተንፈስ ጀመርኩ። ፈታኙ ግን ቀጥሎ ወደ ዳገቱ በኩል ታጠፍ አለው።

ረጅም ዳገት ነው፣ ቀኑ ደግሞ ያቃጥላል። ግማሹ ላይ ስንደርስ የሙቀቷ መርፌ ስትነሳ አየሁ። አባዬም አያት። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ ቢነዳ ምናልባት ጫፍ ትደርስ ይሆናል፣ ያልፍ ይሆናል። የሲኞራ ሞተር ግን ይቃጠላል። ካቆመ ደግሞ ያለ ትእዛዝ ቆመ ተብሎ ይወድቃል። ሥራውም ነገ አርብ ያልቃል፣ መስኮቱ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ፍሬቻ ሲያበራ ሰማሁት። ቀስ ብሎ ዳር ያዘ፣ ጎማውን እንደሸመደደው አዞረ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ።

ፈታኙ ምን ሆነ ብሎ ወደኔ ዞረ። ምላሴን ነከስኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር ሁሉም ነገር ይገባዋል። ግን ትንፍሽ ካልሽ ያበቃል ብሎኛል። አባዬ ወርዶ ዞረና የፈታኙን በር ከፈተለት። እጁን ዘርግቶ እንዲወርድ ረዳው። እኔም ሾልኬ ወረድኩ። ወደ ኋላ ወስዶት ኮፈኑን ከፈተ። ሙቀቱ ከሩቅ ፊት ይገርፋል። አባዬ የሰውየውን እጅ ያዘና ሳያስነካ ወደ ሞተሩ አስጠጋው። ከዚያ ዳገቱን አሳየው፣ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፣ በአፉ እፍ አለ፣ ወደኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። እንጨቷን ሰጠሁት። ኮፈኑን አስደገፈና ነፋሱ የሚገባበትን በመዳፉ አሳየው።

«ኢንጂን ባክ» አለ። «ሂል፣ ሆት። ኦፕን፣ ጉድ። ትዌንቲ ዋን ይር፣ ታክሲ፣ ዲስ ካር። ኖ በርን።»

እኔ ሳላስተምረው ከየት እንዳመጣው እንጃ። ዓመቱን ሙሉ አፉን ስዘጋው ኖሬ እሱ ለካ ቃል ሲያጠራቅም ነበር። ፈታኙ ሞተሩን አየ፣ እንጨቷን አየ፣ ወደኔ ዞረና አሁን መናገር ትችያለሽ፣ አባትሽ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ የሚያደርገው ብሎ ጠየቀኝ።

«እሱን ራሱን ጠይቀው» አልኩት።

ሰውዬው ሳቀ። ወደ አባዬ ዞሮ ቀስ እያለ ጠየቀው፣ አባዬም መለሰለት። ምን እንደተባባሉ ልስማ አልፈለግኩም፣ ራቅ ብዬ የአጥሩን እንጆሪ መልቀም ጀመርኩ። እንባዬ ስለመጣ ነው።

ስትቀዘቅዝ ተነሳን። በዚያ ዳገት ላይ፣ በእጅ ፍሬን፣ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ ሳይንሸራተት አስነሳት። ፈታኙ ኮፈኑ ይዘጋ አላለም። ከኋላ የመጣ መኪና ክላክስ ሲያደርግ ራሱ እጁን በመስኮት አውጥቶ እናውቃለን ብሎ ምልክት ሰጠው። ያለ ትእዛዝ ስለቆመ ነጥብ ቀነሰበት፣ የቀረው ግን በቃው። አለፈ።

ስንመለስ እኔ በመጨረሻ ስለ ጋሪው ይቅርታ አድርግልኝ አባዬ አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ትንሽ ፈገግ አለ።

«ዝም ማለት ትችያለሽ ለካ» አለኝ።

አርብ ጧት ሱፉን ለብሶ ሥራ ገባ። ጋሽ ተካ ዘንድ አሥራ አራት ዓመት ሠራ። የሰው አውቶማቲክ መኪና ሁሉ ሲያቆም ግራ እግሩን ወንበሩ ሥር አጥፎ ነበር የሚነዳ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ። ሲኞራ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ሴይቼንቶዋን ሌላ ስቴት ላለ ሰው ሸጣት። አባዬም ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ሐኪም ቤት እስከ መጨረሻው ቀን በዚያችው በራሱ እንግሊዝኛ ነበር የሚነጋገረው፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ።

ሊያ መኪናዋን አቁማ ስንመጣ ወጣቱ አሁንም ስልኩን ይዟል። የአያቴ ነበረች፣ ከወረስኳት ወር አልሞላኝም፣ ዳገት በወጣሁ ቁጥር ትግልብኛለች፣ የሚጎትት መኪና እየጠበቅኩ ነው አለን። ሞተሯን ጠጋ ብዬ አየሁ፣ የኛዋ አይደለችም፤ ያቺ ሰማያዊ ነበረች። ሊያ ወዲያው ቀደመችኝ።

«ሃይ፣ ሶ ማይ ማም…»

«አንቺ ትንፍሽ እንዳትይ» አልኳት።

ደንግጣ ዝም አለች። ወጣቱን መኪናዋ እስክትበርድ እንዲጠብቅ ነገርኩት፣ አባቴ ስንት ዓመት እንደነዳት ነገርኩት፣ ኮፈኗ ተዘግቶ ለምን ዳገት እንደማይወጣ ነገርኩት። እሱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ስትበርድ ውሃዋን ሞላንላት። ከዚያ የገበያ ከረጢቴን ከፍቼ ማማሰያዬን አወጣሁና ኮፈኑን አስደገፍኩት። ልክ መጠኑ ነው። አይ፣ ይህ ያንቺ ነው ሲለኝ ውሰደው አልኩት፤ ሽሮ በሹካም ይማሰላል።

አስነሳና ሄደ። ትንሿ መኪና ኮፈኗን ከፍታ፣ በኔ ማማሰያ ተደግፋ፣ ዳገቱን ስትወጣ ቆመን አየናት። ጫፉ ጋ ሳትደርስ ከኋላዋ ያለው መኪና ክላክስ አደረገላት፤ ክፍት ነው ሊላት ነው። ሳቅኩ፣ ስስቅ ደግሞ እንባዬ መጣ፣ አላበስኩትም።

ከዚያ ወደ ሬንተን መንገድ ጀመርን። ሊያ ሬዲዮ አልከፈተችም፣ ስልኳንም አላየችም። አንድ ነገር ልትጠይቀኝ እየፈለገች እኔ እስክጀምር ነበር የምትጠብቀው። ቤቴ በር ላይ ስትደርስ ዞር ብዬ አየኋት።

«ዝም ማለት ትችያለሽ ለካ» አልኳት።